እጅ ያወጣ ሁሉ ስሙ ይጻፋል

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። ከበቡሽ ግን መስከረምን አትጠብቅም ነበር፤ ጉዱን ራሷ ሄዳ ታመጣዋለች። ገና ልጅ ሳለች፣ ጂንካ ሜዳ ላይ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲያንዣብብ እኩዮቿ ሽቅብ አንጋጠው ሲጨፍሩ፣ እሷ ዓይኗን የምትጥለው ሣሩ ላይ በሚግጡት ከብቶች ላይ ነበር። የማን ናቸው? ለባለቤታቸው ማን ፈቀደለት? የሚያባርራቸው ሰውዬስ የአንዱን በዱላ፣ የሌላውን በፉጨት ብቻ የሚያባርረው ለምንድነው? እናቷ ሲመርራት "አንቺ ልጅ፣ ይህ ጥያቄሽ ባል ያስቀርብሻል" ትላት ነበር። አላስቀረባትም። ደህና ባል አግብታ፣ ሦስት ልጆች ወልዳ፣ ከሜዳው በታች ወደ ኔሪ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ መቶ ሃያ እግር እንሰት ተክላ ትኖር ነበር። ጥያቄው ግን አብሯት ኖረ።

ወሬኛ ነች ማለቴ አይደለም፤ የሰው ስም አላጠፋም። ወሬኛ የሰማውን ሳያሳድር ይዘራዋል፤ ከበቡሽ ግን የሰማችውን ይዛ ታገላብጠዋለች። ይህ አመሏ ሥራ ያገኘው በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። በአገሯ ቋንቋ በአሪኛ አድጋ አማርኛን ከገበያ የለመደች ሴት፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ሲል ፊደል ቆጠረችና የምስክር ወረቀቷን ግድግዳ ላይ ሰቀለች። አስተማሪዋ በመጀመሪያው ቀን "መጻፍ ማለት የሰው ስም እንዳይጠፋ ማድረግ ነው" ብሏት ነበር። ለማበረታታት ያህል የተናገረው ነው መሰለኝ። እሷ ግን እንደ ሕግ ይዛው ቀረች።

የገበሬ ማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ጸሐፊ ሲያጣ እሷን መረጠ። ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው። የሚሰበሰበው በተዘጋች ጸሎት ቤት ውስጥ ስለነበር፣ ከበቡሽ በልጅነቷ የዘመረችበት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን "በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ" ብሎ ይዘጋዋል። እሷ ግን እጅ ያወጣውን ሁሉ በስም ትጽፋለች፤ ያላወጣውንም ትጽፋለች፤ ሳያወጣ ምን ያደርግ እንደነበርም ትጨምርበታለች። "ጋሽ ኤርጎ እጃቸውን አላወጡም፤ ጢማቸውን ያክኩ ነበር" የሚል ቃለ ጉባኤ በሌላ አገር ያለ አይመስለኝም። እንዲህ አይደረግም ብሎ ያረማት ሰው አልነበረም፤ ቃለ ጉባኤውን የሚያነብ ስላልነበረ ነው።

በ1977 ክረምት ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲላት፣ የአምስት ዓመት ደብተሯን ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረች። ፍየል ይታሰር በተባለ ጊዜ ፍየል ያላቸው ሁለቱ እጃቸውን አላወጡም። ቀፎ ከመንደር ይራቅ ሲባል ቀፎ የሰቀለው አላወጣም። በቡና ለቀማ ወራት የመንገድ ሥራ ይቁም ሲባል ደግሞ፣ ቡና ያለው ሁሉ ሁለት እጅ ማውጣት ቢፈቀድለት ሁለቱንም ያወጣ ነበር። ንግግራቸውን ስታነበው ሁሉም የሚያወሩት ስለ ሰፊው ሕዝብ ጥቅም ነው። እጃቸው ግን የሚያወራው ስለ ጓሮአቸው ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚባለውን ከበቡሽ ታውቀው ነበር፤ በገዛ ጽሑፏ ተመዝግቦ ስታየው ግን ገረማት። አልተናደደችም፤ እንዲያውም ደስ አላት። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ሳይጀመር ማን እጁን እንደሚያወጣ ገምታ በደብተሯ ጥግ በእርሳስ ምልክት ታደርግ ጀመር። ብዙም አትስትም።

ያልገባት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ሙሴ። ሙሴ አርባን ያለፈ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ማሳው ትንሽ ናት፤ ደጁ ላይ አንድ ጥጃ የለም። የተመረጠውም ለዚሁ ነው። የመሬት አዋጁ በወጣ ማግስት ሀብታም ገበሬ ሊቀመንበር አይሆንም ተባለ፤ የሙሴን አባት ከብቶች ደግሞ በዚያው ሰሞን በሽታ ፈጃቸው ተብሎ ነበር። መንደሩ ሁሉ አዘነለት። የከበቡሽ እናት እንኳ ቆጮ ተሸክማ ሄዳ "እግዜር ይተካልህ" ብላ አጽናንታዋለች። ታዲያ ይህ ድሀ ሰው፣ ነገሩ ከብት የነካ እንደሆነ፣ እጁ ሁልጊዜ ከከብት ባለቤቶቹ ጋር ነው የሚወጣው። የግጦሽ ጉዳይ ይሁን፣ የውሃ ይሁን፣ የክትባት ይሁን፣ አንድም ቀን አልተዛነፈም። ከበቡሽ በደብተሩ ኅዳግ ላይ "ለምን?" ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ነገሩ ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር፤ በ1978 በጋ ግን እሷ ጓሮ ድረስ መጣ። ከብት የአውሮፕላን ሜዳውን እንዳያቋርጥ ተከለከለ። ከብቱ ሁሉ ወደ ኔሪ የሚወርደው ሜዳውን አቋርጦ ስለነበር ሌላ መንገድ ተፈለገ፤ የተገኘውም በከበቡሽ እንሰት መሀል ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነው። ከመቶ ሃያው እግር አንዱም አይተርፍም። እንሰት ደግሞ ዛሬ ነቅለው በከርሞ የሚበሉት ነገር አይደለም፤ አምስት ስድስት ዓመት ይፈልጋል። እስከዚያ ልጆቿ ምን ይበላሉ? ውሳኔው ለቅዳሜ ተቀጠረ። ከበቡሽ ቤቷ ገብታ እርሳሷን አነሳች። ዓባይነህ፣ አባቱ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩት፣ ስምንት ላም አለው፤ ያወጣል። ሁለቱ ጎረቤቶቹም ባለከብት ናቸው፤ ያወጣሉ። ጋሽ ኤርጎ ማሳቸው ከሷ ማሳ ሥር ስለሆነ አያወጡም። ተፈሪም በዚያው መስመር ቡና አለው፤ አያወጣም። እሷ ስትጨመር ሦስት ለሦስት ሆነ። የቀረው የሙሴ እጅ ነው።

ሐሙስ ዝንጅብሏን ይዛ በጭነት መኪና ቀይ አፈር ገበያ ወረደች። በከብት ተራው በኩል ስታልፍ አንዲት ዳልቻ ላም አየችና እግሯ ተተከለ። የላሟ ግራ ጆሮ ጫፉ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ ተቆርሷል። በዚያ አገር ከብት ያለው ቤት ሁሉ የራሱ የጆሮ ቁርጥ አለው። ይህኛው የሙሴ አባት ቁርጥ ነው፤ ልጅ ሳለች ሜዳው ላይ ስታየው ኖራለች። እነዚያ ከብቶች አለቁ ከተባለ አሥር ዓመት ሆኗል፤ ይህች ላም ግን ከአራት ዓመት አትበልጥም።

ከላሟ ጎን የቆመው ዳርጌ የሚባል፣ ከቆላዎቹ ከብት አርቢዎች ከበናዎች ወገን የሆነ ሰው ነው። ለሽያጭ ያመጣው ወይፈን ብቻውን አልነዳ ስላለው፣ ዳልቻዋን አጃቢ አድርጎ አምጥቷታል። ከበቡሽ በአሪኛ የማን ናት ብላ ስትጠይቀው አልሸሸገም፤ ለምን ይሸሽጋል? ጂንካ ያለው የወዳጁ የሙሴ ናት አላት። በሱ ወገን ከብትን ወዳጅ ዘንድ ማኖር ክብር ነው። ከብቱን ሁሉ በአንድ በረት የሚያጉር ሰው ሞኝ ነው፤ በሽታ ወይ ድርቅ አንዱን ቦታ ቢመታ ሌላው ይተርፋል፤ ወዳጅነቱም ለልጅ ይተላለፋል። የሙሴ አባትና የዳርጌ አባትም እንዲሁ ነበሩ። በጋው ሲጠና ዳርጌ ከብቱን ከቆላ አውጥቶ ኔሪ ድረስ ያመጣል፤ ከሱ መንጋ ጋር ተደባልቀው ውሃ ሲጠጡም ሙሴ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ያያቸዋል። ላየው ሰው ድሀው ሊቀመንበር ማረፉ ነው፤ ማን ይጠረጥራል!

ስንት ናቸው ብላ ጠየቀችው። ዳርጌ ከብት እንደ ድንጋይ አይቆጠርም አላትና በመልካቸው ይጠራቸው ጀመር። ይህቺ ዳልቻዋ፣ እናቷ ቦቃዋ፣ ቡሬው በሬ፣ ዛጎልማዋ፣ ጥቁሯና ጥጃዋ እያለ ሲሄድ፣ እሷ ከነጠላዋ ሥር ጣቷን ታጥፍ ነበር። አሥሩን ጨርሳ እንደገና አንድ አጠፈች። ከዚያ ያ የማይለቃት አመሏ አንድ ጥያቄ ጨመረ። ሙሴ በሰው ፊት ከብት የለኝም ቢልስ? ዳርጌ መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን ኮስተር አለ።

"ባለቤቱ በአፉ የካዳት ላም እኔ ጋ ምን ትሠራለች?" አላት። "ያን ቀን የኔ ናት።"

ከበቡሽ አመስግና ልትሄድ ጥቂት ራመድ አለችና ተመለሰች። ቅዳሜ ስለ ከብት መንገድ እንነጋገራለን፣ ጂንካ ገበያ ከመጣህ ጎራ ብለህ ስማ አለችው። ለሰሚው ግብዣ ነው። እሷ ግን የምታደርገውን ታውቅ ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ።

መኪናው ላይ እየተንገጫገጨች ስትመለስ ነገሩን አገላበጠችው። አውራጃ ሄዳ ብትናገር ሙሴ ይሻራል፤ ሊታሰርም ይችላል፤ ከብቶቹም ይወረሳሉ፤ ምንም ያላጠፋው ዳርጌም ይጎተታል። ይህን አልፈለገችም። እሷ የምትፈልገው የሙሴን እጅ ነው። እንዲያውም እውነቱን እንናገር ካልን፣ ከእጁም በላይ አንድ ነገር ልታይ ጓጉታለች፤ ሰው ያለውን ሁሉ ተናግሮ እጁን ሲያወጣ እጁ ያው እጅ ይሆናል ወይስ ሌላ?

ቅዳሜ ሰባቱም ተገኙ። ዳርጌ እንደተባለው መጥቶ በሩ አጠገብ በርኩማው፣ ይዟት በሚዞረው ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ ላይ ተቀመጠ። ሙሴ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ፤ ግን የወዳጅ ሰላምታ አይነፈግምና ተነስቶ እጁን ጨበጠው። ሁሉም ስለ ሰፊው ሕዝብ ከብት፣ ስለ ሰፊው ሕዝብ ምግብ ከተናገሩ በኋላ ሙሴ እጅ ይውጣ ሊል ሲል ከበቡሽ እስክሪብቶዋን አነሳች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ለቃለ ጉባኤው ያህል ነው" አለች። "እጅ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው ይህ መንገድ የሚነካው ምን እንዳለው ይናገርና ከስሙ ጎን ልጻፈው። ከኔ ልጀምር። እኔ መቶ ሃያ እግር እንሰት አለኝ፤ መንገዱ ቢወጣ አንዱም አይተርፈኝም።"

ተቃውሞ የሚነሳ መስሏት ነበር። አልተነሳም። ሁሉም የሌላውን ለመስማት ጓጉቶ ስለነበር የራሱን መናገሩን ረሳው። ዓባይነህ ስምንት ላም እንዳለው ተናገረ፤ አንዷ ደግሞ ልትወልድ መድረሷን ሳይጠየቅ ጨመረ። ጎረቤቶቹ ተናገሩ። ተፈሪ ቡናውን ተናገረ። ጋሽ ኤርጎ ማሳቸውን ከተናገሩ በኋላ፣ እንግዲህ ይህ ጉዳይ የማይነካው ሰው ከመካከላችን ከሌለ፣ ለመፍረዱ ከሩቁ ከሃና ከተማ ሰው እናስመጣ ወይ ብለው ቤቱን አሳቁት። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑ ሁሉ ወደ ሙሴ ዞረ። ማንም ምንም አልጠረጠረም፤ ተራው ስለደረሰ ብቻ ነው። የድሀው ሊቀመንበር መልስ ደግሞ አሥር ዓመት ሙሉ የታወቀ ነው፤ "እኔ ምን አለኝ" ብሎ ያልፋል።

ሙሴ ግን አላለፈም። መጀመሪያ ጠረጴዛውን አየ። ቀጥሎ በሩን አየ። ዳርጌ አማርኛው ጥቂት ቢሆንም ስለ ምን እየተባለ እንደሆነ ገብቶታል፤ ወዳጁ ምን እንደሚል ለመስማት አንገቱን ሰገግ አድርጓል። ከበቡሽ እስክሪብቶዋን ከሙሴ ስም ጎን አድርጋ ጠበቀች።

"ዳልቻዋ" አለ ሙሴ።

ማንም አልገባውም።

"ዳልቻዋ፣ እናቷ ቦቃዋ" አለ። "ቡሬው በሬ። የአባቴ ዛጎልማ የወለደቻት ዛጎልማዋ። ጥቁሯ፣ ከነጥጃዋ..."

እያንዳንዷን ሲጠራ ድምፁ ከፍ እያለ፣ ፊቱ እየፈካ ሄደ። አሥር ዓመት ሙሉ በሰው ፊት ያልጠራቸውን ነው የሚጠራቸው። ስድስተኛዋ ላይ ሲደርስ እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። ዳርጌ ከበሩ ሆኖ የዘለላትን አንዲት ጊደር አስታወሰው። አሥራ አንዱም ተጠሩ። የከበቡሽ እናት ያን ቆጮ ተሸክማ የሄደችው እንግዲህ በሕይወት ላሉ ከብቶች ለቅሶ ነበር ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ ጋሽ ኤርጎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር" አሉ። "የሙሴ ግን ቆላ ናት ለካ።"

የሳቀ ሰው ጥቂት ነው። እጅ ይውጣ ተባለ። መንገዱ ይውጣ የሚሉ ሦስት እጆች ወጡ፤ የዓባይነህና የጎረቤቶቹ። አይውጣ የሚሉ ሦስት ወጡ። ሙሴ ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እንደ ሰው ዕቃ አያቸው እንጂ አላነሳቸውም። ሐሳቡ አብላጫ ስላላገኘ ወደቀ፤ ለከብቱም በወዲያኛው ገደል በኩል፣ ዞር ያለ ቢሆንም፣ ሌላ መውረጃ እንዲፈለግ ተባለ። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ከበቡሽ ጠጋ ብላ ለምን እጅዎን አላወጡም ጋሼ አለችው።

"ስማቸውን ከጠራሁ በኋላ" አለ ሙሴ፣ "እጄን ባወጣ የሚታየው እጄ አይደለም፤ እነሱ ናቸው። አንቺስ ያንን ትጽፊዋለሽ?"

ደብተሩን አቅፋ ቤቷ ሄደች።

እንዲህ ያለ ነገር ተደብቆ አይቀርም። በሦስተኛው ሳምንት ከአውራጃ አንድ ካድሬ መጣ፤ ጨዋ፣ ለስላሳ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው። ሊቀመንበሩ ሀብት ደብቋል የሚል ወሬ ደርሶታል። የኮሚቴውን ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቀ። ጋሽ ኤርጎ ጆሯቸው እንደማይሰማ አመለከቱ። ተፈሪ ያን ሰዓት ወጣ ብሎ ነበር። ዓባይነህ እንኳ፣ መንገዱን ያጣው ዓባይነህ፣ ሙሴ ስለ ከብት ሲያወራ አልሰማሁም አለ፤ እሱም ቆላ ውስጥ ወዳጅ ሳይኖረው አይቀርም መሰለኝ። በመጨረሻ ካድሬው ቃለ ጉባኤውን ጠየቀ። ያ ደብተር በስድስት ዓመቱ አንባቢ አገኘ።

ካድሬው እያነበበ ይገረም ነበር። የሁሉም ስም አለ፤ የሁሉም ሀብት አለ፤ ማን እጁን እንዳወጣ፣ ማን ጢሙን እንዳከከ ሳይቀር አለ። የሊቀመንበሩ ስም ላይ ሲደርስ ግን ያለው አንድ መስመር ነው፤ "ሊቀመንበሩ ድምፅ አልሰጡም።" ካድሬው ቀና ብሎ አያት።

"ጓዲት፣ የሁሉም ተጽፎ የሱ ሀብት ለምን አልተጻፈም?"

"የጻፍኩት ያለውን ነው" አለች ከበቡሽ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ካድሬው እንዲህ ያለ ዝርዝር ደብተር አይዋሽም ብሎ አመነ፤ ለሌሎች ጸሐፊዎችም ምሳሌ ነሽ ብሎ አመሰገናትና ሄደ። ሙሴ በሊቀመንበርነቱ ቆየ። በማግስቱ ጠዋት በሯ ላይ አንድ ቅል ማር ተቀምጦ አገኘች፤ ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቀችም። ከበቡሽ ሳትጠይቅ የቀረችው ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ሌላ ጥያቄ ግን አልለቃት አለ። ደብተሩን ይዛ እንሰቷ መሀል ተቀመጠች። ያን ቀን የሙሴ እጅ ከእነ ዓባይነህ ጋር ወጥቶ ቢሆን፣ እንሰቷም ተመንግሎ ቢሆን፣ አሥራ አንዱን ከብት ሳትጽፍ ታልፋቸው ነበር? ስለ ርኅራኄ ነው ልትል ፈለገች። ለዳርጌ ስላዘነችለት ነው ልትል ፈለገች። እሱም አለበት፤ ውሸት አይደለም። ግን የስንቱን ሰው እጅ ስትገምት ስለኖረች፣ የራሷን መገመት አላቃታትም። በነጋው ሳይሆን በዚያው ሰዓት አውራጃ ትሄድ ነበር።

የሁሉንም ስም ያስቀመጠች ሴት የራሷን ልትተው አልቻለችም። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠችና፣ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ ጻፈች።

"ከበቡሽ፤ መቶ ሃያ እግር እንሰት አላት። የሰማችውን አልጻፈችም።"

ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።